ቁልፉ ሳይሰበር የሚከፈት በር

እ.ኤ.አ. በ1903 ጁን ወር፣ ለንደን በሚገኘው ሮያል ኢንስቲትዩሽን አዳራሽ ውስጥ ጆን አምብሮዝ ፍሌሚንግ የተባለው የፊዚክስ ሊቅ ለታዳሚው አንድ ተአምር ሊያሳይ እየተዘጋጀ ነበር። ጉሊዬልሞ ማርኮኒ ከሩቁ ኮርንዎል በሞርስ ኮድ የሚልከው መልእክት ያለ አንዳች ሽቦ አዳራሹ ድረስ ሊመጣ ነው። ማርኮኒ መሣሪያውን በተለየ ፍሪኩዌንሲ ስለሚቃኘው ሌላ ሰው መልእክቱን ሊሰማው እንደማይችል አስቀድሞ ተናግሯል። ሰዓቱ ሳይደርስ ግን አዳራሹ ውስጥ ካሉት መሣሪያዎች አንዱ በራሱ ጊዜ መንጣጣት ጀመረ። ከፍሌሚንግ ረዳቶች አንዱ ጆሮውን ሰጥቶ ሲያዳምጥ አንድ ቃል ደጋግሞ ይመጣል፤ «አይጦች»። በማርኮኒ ላይ የሚያላግጥ ግጥምም ተከተለ።

ላኪው ኔቪል ማስክሊን የተባለ የመድረክ ምትሃተኛ ነበር። ፍሌሚንግ በንዴት ለ«ታይምስ» ጋዜጣ ጻፈ፤ ማስክሊንም ሳያፍር «እኔ ነኝ» ብሎ በዚያው ጋዜጣ መለሰለት።

ይህን ታሪክ ለጨዋታ ማድመቂያ አላነሣሁትም። ማስክሊን የማርኮኒን ምስጢር አልፈታም። መቀበያው «ማን ነህ?» ብሎ ስለማይጠይቅ ተናገረ፤ ተሰማም። ዛሬ ኪሳችን ውስጥ ያለው ስልክ መልእክቱን በሒሳብ ይቆልፋል፤ ቁልፉም እጅግ ጠንካራ ነው። ሆኖም የዋይፋይ፣ የብሉቱዝና የሞባይል ኔትወርክ ተመራማሪዎች ባለፉት ዐሥር ዓመታት ያገኟቸውን ቀዳዳዎች ብንመረምር፣ ዋና ዋናዎቹ ቁልፉን በመስበር የተገኙ አይደሉም። የተገኙት ቁልፉ ከመግባቱ በፊት በሚደረገው ንግግር ውስጥ፣ በቁልፉ አያያዝ ላይ፣ ወይም መቆለፍ እንዳለበት ማንም ባላሰበው ጎን በኩል ነው። የዚህ ዘርፍ ጥናት ዛሬ የሚያተኩረው እዚያ ላይ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አየር የማንም ነው

በሽቦ የሚሄድን መልእክት ለመስማት ሽቦው ያለበት ቦታ መድረስ፣ ግድግዳ መብሳት ወይም መሬት መቆፈር ያስፈልጋል። የራዲዮ ሞገድ ግን በየአቅጣጫው ይበተናል። ራውተሩ ለእርስዎ ላፕቶፕ ብቻ የሚናገር ይመስላል እንጂ ጎረቤትም፣ መንገደኛም፣ ደጅ የቆመ መኪና ውስጥ የተቀመጠ ሰውም ይሰማዋል። ላፕቶፕዎ የሌላውን ሰው ፓኬት (መልእክት ተከፋፍሎ የሚላክበትን ቁራጭ) የማያሳይዎ ስላልደረሰው አይደለም፤ «የእኔ አይደለም» ብሎ ስለሚጥለው ነው። በሚፈቅድ የዋይፋይ ካርድ ላይ ይህን የመጣል ልማድ በአንድ ትእዛዝ ማስቀረት ይቻላል። ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው ሰው ሁሉ ትንሽ ይደነግጣል።

የመጀመሪያው የዋይፋይ ስታንዳርድ በ1997 ሲወጣ ዌፕ የሚባል መከላከያ ነበረው። የዌፕ ታሪክ አጭርና አሳፋሪ ስለሆነ ቶሎ ልለፈው። ለእያንዳንዱ ፓኬት መለያ የተመደበው ቁጥር 24 ቢት (24 የዜሮና የአንድ አሃዞች) ብቻ ነበር፤ ይህ ማለት ከ16.7 ሚሊዮን በላይ ትንሽ አለፍ ያለ ቁጥር እንጂ ሌላ የለውም። ሥራ የበዛበት ኔትወርክ ይህን በሰዓታት ውስጥ ጨርሶ መድገም ይጀምራል። በ2001 ከባድ ድክመቶቹ ተጋለጡ፤ በ2007 ደግሞ በጀርመን የዳርምሽታት ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ቁልፉን ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ማውጣት እንደሚቻል አሳዩ። በ2004 የመጣው አዲሱ የዋይፋይ መከላከያ፣ ደብልዩፒኤ 2፣ ግን ኤኢኤስ በሚባለው የምስጠራ ስልት ላይ የቆመ ነው። ኤኢኤስ በ2001 የአሜሪካ መንግሥት ስታንዳርድ ሆኖ ከጸደቀ ወዲህ በተግባር የሰበረው የለም። ታዲያ ችግሩ አለቀ? ለ13 ዓመታት ያህል ያለቀ መስሎ ነበር።

አራተኛው መልእክት ሲጠፋ

ስልክዎ ከራውተር ጋር ሲገናኝ የይለፍ ቃሉን በአየር ላይ አይልክም። ሁለቱም ቃሉን ያውቁታል፤ ፈተናው ቃሉን ሳይጠሩ ማወቃቸውን መተማመንና ለዚያ ግንኙነት ብቻ የሚያገለግል አዲስ ቁልፍ ማውጣት ነው። ይህን በአራት መልእክቶች ይጨርሱታል፤ ባለሙያዎቹ መጨባበጥ ይሉታል። በመጀመሪያው ራውተሩ በዘፈቀደ ያወጣውን ቁጥር ይልካል። በሁለተኛው ስልኩ የራሱን ቁጥር ይመልሳል፤ ሁለቱ ቁጥሮች ከይለፍ ቃሉ ጋር ተዋሕደው አዲሱን ቁልፍ ይወልዳሉ። በሦስተኛው ራውተሩ «ቁልፉን ግጠም» ይላል። በአራተኛው ስልኩ «እሺ» ብሎ ቁልፉን ይገጥማል።

አየር ነውና መልእክት ይጠፋል። «እሺ» የሚለው ካልደረሰው ራውተሩ ሦስተኛውን መልእክት ይደግመዋል። ስልኩም ትእዛዙ ዳግም ሲደርሰው ያንኑ ቁልፍ እንደ አዲስ ይገጥመዋል። ሲያዩት ምንም ክፋት የሌለው ነገር ነው። በቤልጂየም የሉቨን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ማቲ ቫንሆፍና ፍራንክ ፒሴንስ በኦክቶበር 2017 ይፋ ያደረጉት፣ ክራክ የሚል ስም የተሰጠው ጥቃት የገባው ግን በዚህች ቀዳዳ ነው።

ክፋቱን ለማየት በጣት የሚቆጠር ሒሳብ ይበቃል። የዋይፋይ ምስጠራ ከቁልፉና ከፓኬቱ ተራ ቁጥር የዘፈቀደ የሚመስል ረጅም የቁጥር ክር ይፈትላል፤ ከዚያ ክሩን በመልእክቱ ላይ ይደምረዋል። መልእክቴ 4719 ነው እንበል፤ ክሩ ደግሞ 8562። አሃዝ በአሃዝ ደምሬ የአንድ ቤቱን ብቻ ስይዝ 2271 ይወጣል፤ አየር ላይ የሚሄደው እሱ ነው። ክሩን ለማያውቅ ሰው 2271 ምንም አይነግረውም፤ ከጀርባው ከ0000 እስከ 9999 ያለ ማንኛውም ቁጥር ሊኖር ይችላል።

አሁን 3059 የሚል ሌላ መልእክት በዚያው ክር ልላክ። 1511 ይሆናል። አድማጩ የሰማው 2271ንና 1511ን ብቻ ነው። አንዱን ከሌላው አሃዝ በአሃዝ ይቀንስ፤ ሲያንሰው ዐሥር ይበደር። 1760 ያገኛል። የእኔን 4719ና 3059ም በዚሁ መንገድ ብንቀንሳቸው 1760 ነው የምናገኘው። ክሩ ደብዛው ጠፋ፤ የቀረው የሁለቱ መልእክቶች ግንኙነት ብቻ ነው። የመጀመሪያውን መልእክት አስቀድሞ ከገመተው ደግሞ ጉዱ ይብሳል። ብዙ ጊዜም ይገምተዋል፤ ኮምፒውተሮች ሲገናኙ የሚለዋወጡት ሰላምታ ያው አንድ ዓይነት ነውና። ከ2271 ላይ 4719ን ቀንሶ ክሩን ራሱን፣ 8562ን፣ ይይዛል። በእሱ ሁለተኛውን መልእክት ያነባል። ቁልፉን ግን አላወቀውም፤ ማወቅም አላስፈለገውም።

የፓኬቱ ተራ ቁጥር በአንድ ቁልፍ ሥር ፈጽሞ መደገም የሌለበት ለዚህ ነው። ስልኩ ቁልፉን እንደ አዲስ ሲገጥም ግን ተራ ቁጥሩን ወደ መነሻው ይመልሰዋል፤ ያው ክር እንደገና ይፈተላል። አጥቂው የሚጠበቅበት በስልኩና በራውተሩ መሃል ገብቶ አራተኛውን መልእክት ማስቀረት ብቻ ነው። «ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል» ይባል የለ? ኤኢኤስ የተቀደደው ከአያያዝ ነው።

በሊኑክስና በአንድሮይድ 6.0 ላይ የሆነው ደግሞ አስቂኝም አሳዛኝም ነው። እዚያ ያለው የዋይፋይ ፕሮግራም ቁልፉን አንዴ ከገጠመ በኋላ ለጥንቃቄ ሲል ከማኅደረ ትውስታው ያጠፋዋል። ዳግም «ግጠም» ሲባል ያጠፋበትን ባዶ ቦታ አንሥቶ፣ ሁሉም አሃዙ ዜሮ የሆነ ቁልፍ ይገጥማል። ቁልፉ ዜሮ መሆኑን ያወቀ ሰው የሚያልፈውን ሁሉ እንደ ጋዜጣ ያነበዋል።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስገርመኝ ግን ሌላ ነው። ይህ መጨባበጥ ደኅንነቱ በሒሳብ ተረጋግጦ ነበር። ማረጋገጫው አልተሳሳተም፤ ክራክም አያፈርሰውም። ማረጋገጫው የሚለው ቁልፉ በሌላ ሰው እጅ አይገባም፣ ተጨባባጮቹም እውነተኞቹ ናቸው ነው፤ ሁለቱም ትክክል ናቸው። ቁልፉ መቼና ስንት ጊዜ እንደሚገጠም ግን በማረጋገጫው ውስጥ አልተጻፈም፤ የጠየቀ አልነበረማ። በዘርፉ ጥናት ላይ ይህ ነገር ያሳደረው ተጽዕኖ ቀላል አይደለም። ከዚያ ወዲህ የተሠሩ ማረጋገጫዎች ቁልፍ መግጠምን፣ የመልእክት መጥፋትንና መደገምን ጭምር ለመጨመር ይጥራሉ።

መድኃኒቱ ትንሽ ነበር፤ የተገጠመን ቁልፍ ዳግም አትግጠም የሚል። ትልቁ ሥራ መድኃኒቱን ማድረስ ነው። እኔ ራሴ ቤቴ ያለው ራውተር የመጨረሻውን የሶፍትዌር ማሻሻያ ያገኘው መቼ እንደሆነ ለማወቅ አንድ ቀን ገብቼ አይቼ ነበር፤ አምራቹ ሞዴሉን ከረሳው ዓመታት አልፈዋል። መብራቱ ግን በአረንጓዴ ቦግ ብሎ ይበራል።

በ2018 የደብልዩፒኤ 2 ተተኪ፣ ደብልዩፒኤ 3፣ መጣ። ትልቁ ጥቅሙ የይለፍ ቃል ግምትን ማክበዱ ነው። በቀድሞው አሠራር አጥቂ አንድ መጨባበጥ ቀድቶ ቤቱ ይገባና በፈለገው ፍጥነት፣ ማንም ሳያየው ሚሊዮን ቃላትን ይሞክራል። በአዲሱ ግን ለእያንዳንዱ ግምት ራውተሩን ማናገር ግድ ይለዋል። ዓመት ሳይሞላው፣ በ2019፣ ቫንሆፍና ኤያል ሮነን ድራጎንብለድ ባሉት ጥናት ቃሉን ወደ ሒሳብ ነጥብ ለመለወጥ የሚፈጀው ጊዜ ከቃል ቃል እንደሚለያይ፣ አንዳንድ መሣሪያዎች ላይም ሰዓት ይዞ በመቁጠር ብቻ ስለ ቃሉ ፍንጭ ማግኘት እንደሚቻል አሳዩ። ከዚያ በኋላ ነጥቡን በቋሚ ጊዜ የሚያወጣ ሌላ ስልት ተዘጋጀ። በ2021 ደግሞ ፓኬቶች ሲቆራረጡና ሲገጣጠሙ የሚፈጠሩ ድክመቶች ወጡ፤ ከእነሱ አንዳንዶቹ ከ1997ቱ የመጀመሪያ ስታንዳርድ ጀምሮ ተኝተው የቆዩ ናቸው።

መቆለፍና ማተም ይለያያሉ

ወደ 4719 እንመለስ። አየር ላይ ያለው 2271 ነው። አጥቂው ክሩንም መልእክቱንም ላያውቅ ይችላል። ሁለተኛውን አሃዝ ግን በአንድ ከፍ አድርጎ 2371 ብሎ ቢያሳልፈው ተቀባዩ ሲፈታው 4819 ያገኛል። መልእክቱ ሳይነበብ ተለወጠ። ስለዚህ ከመቆለፍ ሌላ ማኅተም ያስፈልጋል፤ አንድ አሃዝ ቢነካ የሚጮኽ የሒሳብ ምልክት ማለት ነው። ዋይፋይ ይህን ማኅተም በፓኬቱ ላይ ያደርጋል። የአራተኛው ትውልድ (4ጂ) የሞባይል ኔትወርክ ግን የቁጥጥር መልእክቶቹን አትሞ፣ የተጠቃሚውን ዳታ ቆልፎ ብቻ ይለቀዋል። ማኅተም ባይት (የስምንት ስምንት ቢት ቦታ) ይበላል፤ ባይት ደግሞ በሞባይል ኔትወርክ ውድ ነው።

በ2018 በጀርመን የቦሁም ሩር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችና ባልደረቦቻቸው ይህ ቁጠባ የሚያስከፍለውን ዋጋ አሳዩ። ስልክ አንድ ድረ ገጽ ለመክፈት ሲያስብ መጀመሪያ የስም መፍቻ አገልጋይን አድራሻውን ይጠይቃል። ያ ጥያቄ የተቆለፈ ቢሆንም ከፓኬቱ ትልቅነትና ትንሽነት ተለይቶ ይታወቃል፤ የሚሄድበት የአገልጋዩ አድራሻም የታወቀ ነው። አጥቂው መሃል ገብቶ በተቆለፈው ፓኬት ላይ፣ አድራሻው በሚገኝበት ስፍራ፣ በሚያውቀው አድራሻና በራሱ አድራሻ መካከል ያለውን ልዩነት ደመረበት። ጥያቄው አጥቂው ወዳዘጋጀው አገልጋይ ሄደ። ያደረገው ነገር በመሠረቱ እኛ 2271ን 2371 ካደረግንበት አይለይም። አምስተኛው ትውልድ ማኅተሙን ለዳታም አምጥቶታል፤ መጠቀም አለመጠቀሙን ግን ለኦፕሬተሩ ይተዋል።

ስለ ሞባይል ካነሣን፣ የማስክሊን ዘዴ በትክክል የተወረሰው በሁለተኛው ትውልድ ነው። በጂኤስኤም፣ ማለትም በሁለተኛው ትውልድ (2ጂ) ስታንዳርድ፣ ስልኩ ማንነቱን ለኔትወርኩ ያስመሰክራል፤ ኔትወርኩ ግን ለስልኩ አያስመሰክርም። ስለዚህ ከእውነተኛው አንቴና ጠንከር ያለ ሲግናል የሚለቅ ሰው «አንቴናው እኔ ነኝ» ቢል ስልኩ ያምነዋል፤ ከዚያም ሲም ካርዱ ላይ ያለውን መለያ ቁጥር ሲጠይቀው ይሰጠዋል። ሦስተኛው ትውልድ ይህን የአንድ ወገን ምስክርነት የሁለት ወገን አደረገው። ሆኖም አዲሱ ስልክ አሮጌውን ቋንቋ እስከቻለ ድረስ አጥቂው የአዲሶቹን ትውልዶች ሲግናል አውኮ ወደ አሮጌው ሊጎትተው ይችላል። በ2021 የወጣው አንድሮይድ 12 ሁለተኛውን ትውልድ መዝጊያ ማብሪያ ያመጣው ለዚህ ነው። ስልክዎ ላይ ካለና አካባቢዎ በአዲሱ ኔትወርክ የተሸፈነ ከሆነ ቢዘጉት አይከፋም።

ርቀትም ይዋሻል

አሁን በጣም ወደምወደው ጥያቄ ልለፍ። ማንነትን በሒሳብ ማስመስከር ይቻላል እንበል። የት እንዳሉስ?

ቁልፉ ኪስዎ ውስጥ እያለ ሲጠጉት የሚከፈት መኪና አለ። መኪናው በ130 ኪሎኸርትዝ ገደማ፣ በጣም ደካማ በሆነ ሲግናል «እዚህ ነህ?» ይላል። ቁልፉ በሌላ፣ ከፍ ባለ ፍሪኩዌንሲ የተመሰጠረ መልስ ይሰጣል። የመኪናው ሐሳብ እንዲህ ነው፤ ጥያቄዬ የሚደርሰው አንድ ሁለት ሜትር ብቻ ነው፤ መልስ ካገኘሁ ቁልፉ ቅርብ ነው። በ2011 በስዊዘርላንዱ የዙሪክ ኢቲኤች ዩኒቨርሲቲ ኦሬሊያን ፍራንሲዮን፣ ቦሪስ ዳኔቭና ስርጃን ቻፕኩን ይህን ግምት ፈተኑት። አንድ አንቴና መኪናው አጠገብ፣ ሌላ አንቴና ቁልፉ አጠገብ አድርገው ደካማውን ጥያቄ ከወዲህ ወዲያ አሻገሩት። ቁልፉ ጥያቄውን ሰምቶ በሐቅ መለሰ። ከ8 አምራቾች የመጡ 10 ሞዴሎችን ሞከሩ፤ 10ሩም ተከፍተው ሞተራቸው ተነሣ። ከምስጠራው አንድ ፊደል እንኳ አልተፈታም። ሌባው ቋንቋውን አያውቅም፤ አስተርጓሚም አይደለም፤ ድምፅ አሻጋሪ ነው።

እንዲህ ላለው ጥቃት ከዚህ የበለጠ ምስጠራ መድኃኒት አይሆንም። መድኃኒቱ ሰዓት ነው። ከብርሃን የሚፈጥን የለምና ጥያቄና መልስ ሲመላለሱ የፈጀባቸውን ጊዜ መለካት ርቀትን መለካት ነው። ይህን ሐሳብ ስቴፋን ብራንድስና ዴቪድ ቻውም በ1993 አቅርበውታል። ችግሩ የሰዓቱ ደቃቅነት ነው። ብርሃን በአንድ ናኖሰከንድ 30 ሴንቲ ሜትር ይሄዳል። ቁልፉ ውስጥ ያለው ቺፕ መልሱን ሲያሰላ የሚፈጀው ጊዜ በአንድ ማይክሮሰከንድ እንኳ ከፍ ዝቅ ቢል፣ በርቀት ላይ የ150 ሜትር ስሕተት ያመጣል፤ ያ ደግሞ አንድ ሙሉ የመኪና ማቆሚያ ስፍራ ነው። ስለዚህ ቺፑ የሚፈጅበት ጊዜ በናኖሰከንድ የታወቀ መሆን አለበት፤ ሲግናሉም አጭርና ስለታም ምት መሆን አለበት።

ዛሬ በአዳዲስ ስልኮችና መኪናዎች ውስጥ እየገባ ያለው፣ አልትራ ዋይድባንድ የሚባለው የራዲዮ ስልት የሚሠራው ይህን ነው። በ2020 የጸደቀው ስታንዳርዱ አጥቂ አስቀድሞ ሊገምተው የማይችል የምት ቅደም ተከተል ጨምሯል። ይህም ቢሆን ያለ ጭረት አላለፈም። ምቶቹ ከግድግዳ ከወለል እየተንጸባረቁ ይመጣሉና ተቀባዩ «መጀመሪያ የደረሰው የትኛው ነው?» ብሎ ከጫጫታው ውስጥ ደካማውን የመጀመሪያ ምት መፈለግ አለበት። በ2022 ጎስት ፒክ በተባለው ጥናት ተመራማሪዎች በትክክለኛው ሰዓት የዘፈቀደ ምቶችን በመጨመር ተቀባዩ ያልነበረ «መጀመሪያ» እንዲያይ አደረጉት። የስልክ ቺፖች የለኩት 12 ሜትር ርቀት ወደ 0 ወረደ። የተሳካው ከመቶ ሙከራ እስከ አራቱ ነው። ትንሽ ይመስላል፤ ግን በር በሰከንድ ብዙ ጊዜ የሚሞክር ከሆነ አራት ከመቶ ትንሽ አይደለም።

ሰሙን አይተው ወርቁን

ሁሉም ተቆልፎ፣ ታትሞ፣ ርቀቱም ተለክቶ ቢሆን እንኳ የሞገዱ ቅርጽ ራሱ ይናገራል። ቅኔ የሚያውቅ ሰው ይገባዋል፤ ወርቁ ቢሰወርም ሰሙ ገላጣ ነው። በ2008 የአሜሪካው ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በኢንተርኔት የሚተላለፍ፣ በሚገባ የተመሰጠረ የስልክ ንግግርን መረመሩ። ድምፁን የሚጨምቀው ፕሮግራም ለአንዳንዱ የድምፅ ዓይነት ብዙ፣ ለአንዳንዱ ጥቂት ባይት ይመድባል። ስለዚህ የፓኬቶቹን ርዝመት ቅደም ተከተል ብቻ በማየት አንድ የተወሰነ ሐረግ በንግግሩ ውስጥ መነገር አለመነገሩን በብዙ አጋጣሚ ለይተው አወቁ።

ዋይፋይ ግድግዳ አልፎ የሰው እንቅስቃሴ ማየት መቻሉም ከዚሁ ወገን ነው። ሞገዱ ከሰው አካል ላይ ሲነጥር መቀበያው ጋ የሚደርስበት ሁኔታ ይለወጣል፤ መቀበያው ደግሞ ይህን ለውጥ ለራሱ ሥራ ሲል ሁልጊዜ ይለካዋል። በ2013 የአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዲና ካታቢና ፋዴል አዲብ ከግድግዳ በስተጀርባ የሚንቀሳቀስን ሰው በዋይፋይ ሲግናል ተከታተሉ። በ2025 ይህ ዓይነቱ መዳሰስ የራሱ የዋይፋይ ስታንዳርድ አግኝቷል፤ የወደቀ አረጋዊን ማወቅ፣ ባዶ ክፍል ውስጥ መብራት ማጥፋት የመሳሰሉ ጥቅሞች ይጠቀሱለታል። ጥቅሞቹን አልክድም። ነገር ግን አድማጩ የፓኬቱን ይዘት ማንበብ አያስፈልገውም፤ ስለዚህ ምስጠራ እዚህ ላይ አንድም አያግዝም። ምን ሊያግዝ እንደሚችል ገና እየተፈለገ ነው፤ አንዳንዶች ሲግናሉን ሆን ብለው የሚያደበዝዙበትን መንገድ ይሞክራሉ።

ደብዳቤውን የሚበልጥ ፊርማ

የመጨረሻው ጉዳይ ከማስክሊን ጥያቄ ጋር መልሶ ያገናኘናል። የዛሬ የሞባይል አንቴና ስልኮች ከመገናኘታቸው በፊት «እኔ የእገሌ ኔትወርክ ነኝ፣ በዚህ በኩል ግቡ» እያለ ያለማቋረጥ ያሰራጫል። ይህ ስርጭት በአምስተኛው ትውልድም ቢሆን አልተፈረመበትም። መጨባበጥ የሚመጣው በኋላ ስለሆነ ስልኩ የመጀመሪያውን ጥሪ የሚያምነው በደፈናው ነው። ሐሰተኛ አንቴናዎች ዛሬም የሚኖሩት በዚህች ክፍተት ውስጥ ነው።

መፍትሔው ለመናገር ቀላል ነው፤ አንቴናው ስርጭቱን በዲጂታል ፊርማ ይፈርም፣ ስልኩም ይመርምር። ዛሬ በስፋት የምንጠቀምባቸው ፊርማዎች 64 ባይት ገደማ ስለሆኑ ቦታ አይጠፋላቸውም። ሆኖም ወደፊት አቅም ያለው የኳንተም ኮምፒውተር ከተሠራ እነዚህን ፊርማዎች መቅዳት ይችላል። ዛሬ የሚተከል ኔትወርክ ደግሞ አሥርና ሃያ ዓመት ይቆያል። የአሜሪካው የስታንዳርድ ተቋም ኒስት በኦገስት 2024 ኳንተምን ይቋቋማሉ የተባሉ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ስታንዳርዶች አጽድቋል። ከነሱ አንዱ የሆነው የኤምኤል ዲኤስኤ ፊርማ በትንሹ ልኩ 2,420 ባይት ነው። በአምስተኛው ትውልድ አንድ የስርጭት መልእክት ሊይዝ የሚችለው ከፍተኛ መጠን 2,976 ቢት፣ ማለትም 372 ባይት ነው። ፊርማው ከሙሉው ደብዳቤ ስድስት እጥፍ ተኩል ይበልጣል።

ፊርማውን ቆራርጦ በተከታታይ ስርጭቶች መላክ አንዱ አማራጭ ነው፤ ያኔ ስልኩ ቁርጥራጩ ሁሉ እስኪሰበሰብ ድረስ መጠበቅ አለበት፤ አንዷ አየር ላይ ከጠፋች ደግሞ እንደገና። ወይስ ሳይጠብቅ ይግባና በኋላ ይመርምር? እንዲያ ከሆነ መጀመሪያ አምኖ ኋላ ሊጠይቅ ነው።